ሮውን ወደ ጄፔግ ለመቀየር የትኛው መንገድ ይሻላል? ከደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ቤት

ባለፈው ጥር የአንድ ሰርግ ፎቶ ካስረከብኩ በኋላ በአራተኛው ቀን የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ከቢቸና ተመልሶ መጣ። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ባዶ ነው እንዴ? አንዱም አልከፈት አለን» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። 612 ፎቶ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ሲአር 3 ይላል። በችኮላ የገለበጥኩለት ወደ ጄፔግ የተቀየረውን ፎልደር ሳይሆን ጥሬውን፣ ሮው የሚባለውን ነበር። ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሙሉ ከስልክ ስልክ ሲያቀያይሩ፣ የጎረቤት ላፕቶፕ ሲለምኑ ከርመዋል። እናትየው «ሳያነሳን ነው ብሩን የበላው» ብለው ነበር አሉ። አልፈርድባቸውም።

ስህተቱ የራሴ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ሁለት የሙያ ጓደኞቼ፣ አንዱ ከፍኖተ ሰላም አንዱ ከባሕር ዳር፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሮውን በምን ትቀይረዋለህ?» መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። እስካሁን የሞከርኳቸውን ሁሉ ልዘርግፋቸውና የትኛው ለማን እንደሚሆን እንነጋገር።

ጥሬ እና የበሰለ

ሮው ማለት ጥሬ ማለት ነው። ስሙ ልክ ነው። ካሜራው ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን ሳያበስል እንዳለ ያስቀምጠዋል። ካኖን ሲአር 2 ወይም ሲአር 3 ይለዋል። ኒኮን ኤንኢኤፍ፣ ሶኒ ኤአርደብሊው፣ ፉጂ አርኤኤፍ ይላል። አዶቤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ያስማማል ብሎ ዲኤንጂ የሚባል አወጣ። ብዙ ስልኮች በፕሮ ሞድ ሮው ሲያነሱ የሚያስቀምጡት በዚሁ በዲኤንጂ ነው። ጄፔግ ደግሞ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የበሰለ ምግብ ነው። የትኛውም ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ማተሚያ ቤት ይበላዋል። ጥሬ እህል ለእንግዳ አይቀርብም፤ እኔ ለቢቸናው ሰርገኛ ያቀረብኩት ግን እሱን ነበር።

ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ በጄፔግ አናነሳም? አንድ ሙሽራ ላሳያችሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የጥር ፀሐይ አናት ላይ ቆሟል። ሙሽራዋ ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከመኪና ስትወርድ አነሳኋት። ፊቷ በፀሐዩ እንዳይጠቁር ብዬ ብርሃን ጨመር አድርጌ ነበር። ጄፔጉ ላይ ፊቷ አምሯል። ቀሚሱ ግን ነጭ ወረቀት ሆኗል። ደረቷ ላይ ያለው ጥልፍ የለም፤ የጥበቡ ሽመናም የለም። ሮውን ከፍቼ ሃይላይት የሚለውን፣ የደማቁን ቦታ ብርሃን ማስተካከያ፣ ወደ ታች ሳብ ሳደርገው መጀመሪያ የቀሚሱ እጥፋት ታየ፣ ከዚያ የጥልፉ መስቀል፣ ከዚያ ክሩ ራሱ። ለዚያች ሴት ጥልፍ የሠራችው አክስቷ ናት። ያ ክር ባይታይ አልበሙን ማን ይገዛዋል?

ነገሩ አስማት አይደለም። 14 ቢት የሆነ ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። በነጭና በነጭ መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ጄፔጉ ሲጨፈልቀው ሮው አልጨፈለቀውም። እርግጥ ሮውም ገደብ አለው። ብርሃኑ ሦስቱንም ቀለም ሞልቶ ካፈሰሰ የሚመለስ ነገር የለም።

መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ

ሰው ሁሉ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ ስንቶቹ እጅ ይፈልጋሉ?

ከዚያ የቢቸና ሰርግ 612 ፎቶ ውስጥ አልበም የገባው 60 ነው። ሌላው ዘመድ ከዘመድ የቆመበት፣ ጭፈራው፣ ድግሱ፣ የሚዜው ቀልድ ነው። ሰው በስልኩ አይቶ ይስቃል፣ ለዘመድ በቴሌግራም ይልካል፣ አለቀ። እነዚህን አንድ በአንድ ማብሰል ጊዜ ማባከን ነው። 60ዎቹን ደግሞ በጅምላ መቀየር ሙሽራዋን መበደል ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መንገድ ሳይሆን ሁለት ነው። ለብዙው ፈጣን መንገድ፣ ለጥቂቱ ደግሞ ጥሩ መንገድ።

ፈጣኑ መንገድ፦ ካሜራው ራሱ የሠራው

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአብዛኛው ሮው ፋይል ሆድ ውስጥ ካሜራው የሠራው ጄፔግ ተደብቋል። በካሜራው ስክሪን የምታዩት እሱን ነው። ስለዚህ መቀየር እንኳን አያስፈልግም፤ ማውጣት ብቻ ነው። ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም በአንድ መስመር ትእዛዝ የፎልደሩን ሁሉ ያወጣል። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ለሚፈራ ሰው ኢርፋንቪው አለ። ግን ለግል ጥቅም ነው ነፃ፤ ለንግድ የሚጠቀም እንዲከፍል ይጠይቃል። ኤክስኤንቪውም እንዲሁ ነው።

ማውጣት በጣም ፈጣን ነው፤ ፕሮግራሙ ምንም አያሰላም፣ የተዘጋጀውን ብቻ ያነሳል። በአሮጌ ላፕቶፕ እንኳ የሰርጉን ሁሉ ቡና እስኪፈላ ይጨርሳል። ቀለሙም ካሜራው ላይ ያያችሁት ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ካሜራችሁን እወቁ። አብዛኞቹ የካኖንና የኒኮን ካሜራዎች ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ ይደብቃሉ። ብዙ የቆዩ የሶኒ ካሜራዎች ግን የሚያስቀምጡት 1616 በ1080 ፒክስል የሆነ ትንሽ ነው። ለስልክ ይበቃል፤ ለ10 በ15 ህትመትም ያደርሳል። ለኤ4 ግን አይሆንም። አንዱን አውጥታችሁ መጠኑን ሳታዩ 600ውን አታስረክቡ።

ሌላው አማራጭ ካሜራውን ገና ከመነሻው ሮውም ጄፔግም እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ነው። እኔ አሁን ሰርግ ላይ የማደርገው ይሄንን ነው። ማታ ካርዱን ስገለብጥ ጄፔጎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ካርድ ይበላል፣ እውነት ነው። ግን ካርድ ከእንቅልፍ ይረክሳል።

ሁልጊዜ ግን አይሆንም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ሳነሳ ሁለቱንም አድርጌ ነበር። ፈረሱ እየጋለበ መጣ፣ ጣቴን ጫን አድርጌ ያዝኩ፣ ካሜራው ጥቂት ካነሳ በኋላ ቀጥ አለ። ካሜራው ፎቶውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ሞልቶ ወደ ካርዱ እስኪያራግፍ ፈረሱ አልፎ አቧራው ብቻ ቀረ። ሩጫ ባለበት ቦታ አንዱን ምረጡ።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ግን ረድቶኛል። አንድ ፈረሰኛ፣ ጎፈሩን አድርጎ፣ «አያ፣ እስቲ ለስልኬ ላክልኝ» አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እሱ እኔን አያ ማለቱ ስለ ካሜራው ይመስለኛል። ላፕቶፕ የለኝም። ካሜራው ውስጥ ግን ሮውን እዚያው ወደ ጄፔግ የሚቀይር ሜኑ አለ። ካኖን አለው፣ ኒኮን አለው፣ ፉጂም አለው። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጌ ቀየርኩት፤ በዋይፋይ ወደ ስልኬ፣ ከስልኬ ወደ ስልኩ። ለአንድ ለሁለት ፎቶ ከዚህ የሚቀል የለም። ለ600 ግን አታስቡት፤ ባትሪውም ጣታችሁም ያልቃል።

የካሜራው ኩባንያ ፕሮግራም

አልበም ለሚገቡት 60 አንድ ሰው አንድ ምክር ብቻ ስጠኝ ቢለኝ ከዚህ ጀምር እለዋለሁ። ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል አለው። ኒኮን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤንኤክስ ስቱዲዮ አለው። ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅ አለው። ሁሉም ነፃ ናቸው። የካኖኑን ስታወርዱ የካሜራውን ሲሪያል ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ከካሜራው ሆድ ሥር ተጽፏል።

ትልቁ ጥቅማቸው ቀለሙ ነው። ፋይሉን የፈጠረው ኩባንያ ፋይሉን እንዴት እንደሚያበስል ያውቃል። የእኛን ሰው የፊት ቀለም፣ ያንን ጠይሙን፣ ሌላ ፕሮግራም አንዳንዴ ወደ ቀይ ይወስደዋል፣ አንዳንዴ ወደ አመድ። በኩባንያው ፕሮግራም ስትከፍቱት በካሜራው ስክሪን እንዳያችሁት ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ብርሃኑን፣ ሃይላይቱን፣ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ እንዲመስል የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) ነካ ነካ አድርጋችሁ በጅምላ ማውጣት ትችላላችሁ።

ጉዳቱ ቀርፋፋነታቸው ነው። የካኖኑ በተለይ አህያ ነው፤ ይሸከማል እንጂ አይሮጥም። በእኔ ላፕቶፕ አንዱን ፎቶ ለማውጣት 6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 600 ቢሆን አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ በየትኛውም ፕሮግራም ብትቀይሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታዙት። መቶ መቶ አድርጋችሁ በየፎልደሩ ከፋፍሉት። ባትሪው ካለቀ የት እንደቀረ ታውቃላችሁ። እኔ አንዴ 500 ፎቶ አዝዤ ተኛሁ፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ጠፋ። ጠዋት የትኛው እንደወጣ፣ የትኛው በግማሹ እንደተቆረጠ ለማወቅ ከመድከም ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ማውጣቱ ቀሎኝ ነበር።

የፉጂ ካሜራ ያላችሁ አንድ ደስ የሚል ነገር አላችሁ። ኤክስ ሮው ስቱዲዮ የሚባለው ፕሮግራማቸው ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ስሌቱን የሚያሠራው ካሜራውን ነው። ላፕቶፑ ደካማ ቢሆንም ግድ የለውም።

ላይትሩም እና አሮጌው ፎቶሾፕ

በሰርግ ለሚኖር ሰው ላይትሩም የሚባለው የአዶቤ ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ይሄን መካድ አይቻልም። አንድ ፎቶ ታስተካክላላችሁ፣ በዚያው ብርሃን የተነሱትን 40 ፎቶዎች ትመርጣላችሁ፣ በአንድ ጠቅታ ማስተካከያው ሁሉም ላይ ይሰፍራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳው ለብቻ፣ ዳስ ሥር የተነሳው ለብቻ፣ ሜዳ ላይ የተነሳው ለብቻ። በዚህ አሠራር ሰርጉን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል።

ችግሩ ክፍያው ነው። በየወሩ ነው፣ በውጭ ገንዘብ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራል፣ ወይ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ክራክ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአንድ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው የአንድ ዓመት ሥራ በቫይረስ ተቆልፎ ቀርቷል። ሥራው በየሳምንቱ ከሆነና ካርዱ ካላችሁ ክፈሉና ተገላገሉ። በዓመት አራት ሰርግ ከሆነ ግን አያዋጣም።

በየፎቶ ቤቱ አሁንም ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 አለ። የ2012 እ.ኤ.አ. ዕቃ ነው፤ ግን ሰው እጁ ለምዶታል። አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ሲአር 3 ሲሰጠው «አላውቀውም» ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይትሩም 6ም ያው ነው። ሲአር 3 ራሱ የመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነውና አይፈረድባቸውም። ለዚህ መድኃኒቱ አዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነው። ነፃ ነው። ሲአር 3ውን ወደ ዲኤንጂ ይቀይርላችኋል፤ አሮጌው ፎቶሾፕ ዲኤንጂውን ይከፍተዋል። ልብ በሉ፣ ዲኤንጂ አሁንም ጥሬ ነው። ለደንበኛ አይሰጥም። እኔ የቢቸናውን ስህተት ከሠራሁ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «እኔማ ቀይሬ ነው የሰጠሁት» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። የሰጠው ዲኤንጂ ነበር።

ነፃዎቹ፦ ዳርክቴብል እና ሮውቴራፒ

ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ለንግድም ጭምር። ክራክ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። አንዴ ካወረዳችሁ በቃ። ሲአር 3 ለመክፈት ግን አዲሱን ቨርዥን አውርዱ፤ የድሮው አይከፍትም።

ከሁለቱ ለጀማሪ ሮውቴራፒን እመርጣለሁ። ፎልደሩን በቀጥታ ይከፍታል። ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን ጄፔግ አይቶ የብርሃኑን አቀማመጥ እሱን እንዲመስል አድርጎ ስለሚጀምር ከዜሮ አትነሱም። አስተካክላችሁ ወደ ወረፋው ትጨምሩታላችሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ወረፋውን ለቃችሁ ምሳ መሄድ ነው።

ዳርክቴብል የበለጠ ኃይል አለው፤ ግን የበለጠ ያስለቅሳል። መጀመሪያ ስትከፍቱት ፎቶው የደበዘዘ መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። አንድ የራሳችሁን ስታይል ሠርታችሁ ካስቀመጣችሁ ግን በሁሉም ላይ ትጭኑታላችሁ፤ እንደ ላይትሩም ይሆንላችኋል። አቅም ያለው ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ራሙ 4 ጊጋ በሆነ ላፕቶፕ ሞክሬው ማቀዝቀዣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ዘጋሁት።

እነዚህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ስጧቸው። የሁለት ሳምንት ትዕግሥት የሌለው ሰው ወደ ካኖኑና ወደ ኒኮኑ ፕሮግራም ይመለስ። ሐፍረት የለውም።

ኢንተርኔት ላይ የሚቀይሩት

ጫን፣ ቀይር፣ አውርድ የሚሉት ገጾች። ለአንድ ፎቶ፣ በችግር ጊዜ፣ ይሁን። ለሥራ ግን አይሆኑም። ሒሳቡን አስሉት። አንድ ሮው 28 ሜጋ ቢሆን 600ው ወደ 17 ጊጋ ይጠጋል። ይሄን በሞባይል ዳታ ጭናችሁ መልሳችሁ ልታወርዱ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በቀን ይሄን ያህል ብቻ ብለው ይከለክላሉ። አብዛኞቹ ዋይት ባላንስ እንኳ አያስነኩም፤ ስለዚህ ሮው ያነሳችሁበት ምክንያት እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አደራው ነው። ሙሽራ ስትለብስ ያነሳኋት ፎቶ አለ። ፀጉሯን ስትሠራ፣ እናቷ አቅፋት ስታለቅስ። ይሄን የማላውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ የምጭነው በማን ፈቃድ ነው? እዚህ አገር ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። አንድ ፎቶ ከወጣ ማርቆስ ላይ ሥራ የለኝም።

ስልክ፣ ዊንዶውስና ማክ

ቶሎ ልለፈው። ስናፕሲድ ነፃ ነው፤ ዲኤንጂ ይከፍታል፤ በስልኩ ፕሮ ሞድ ለሚያነሳ ሰው ምርጥ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ደመና ሲያነሱ ለዋሉ ተማሪዎች ይሄንኑ ነው ያሳየኋቸው። የላይትሩም ስልክ ሥሪት ሮው ለማስተካከል ይከፈልበታል። ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት መደብር በነፃ የሚወርድ የሮው ማስከፈቻ አለው፤ ለማየትና አንድ ሁለት ለማስቀመጥ ይሆናል። ማክ ያለው ሰው ፕሪቪው በሚባለው ሁሉንም መርጦ በጄፔግ ማውጣት ይችላል። ሳይነካካ ለመስጠት በቂ ነው።

አይፎን ይዞ «ፎቶዬ አልከፈት አለ፣ ሮው ነው» የሚል ደንበኛም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሮው አይደለም፤ ሄይክ ነው። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስቀምጠው በዚያ ነው። ሴቲንግ ገብቶ፣ ካሜራ፣ ፎርማት፣ «ሞስት ኮምፓቲብል» ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ ጄፔግ ይሆናል።

ስታወጡት የምትነኳቸው ቁልፎች

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ሲያወጣ ሦስት አራት ነገር ይጠይቃችኋል። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው።

የቀለም ስፔስ ይላል፤ ፋይሉ የሚይዘው የቀለም ስፋት ማለት ነው። ኤስአርጂቢ በሉት። እኔ አንድ ጊዜ «አዶቤ አርጂቢ ሰፊ ነው፣ ሰፊ ይሻላል» ብዬ የአንድ አልበም ፎቶ በእሱ አውጥቼ ለህትመት ላክሁ። አልበሙ ሲመጣ የሙሽሮቹ ፊት ደብዝዞ አመድ የተነፋበት መስሏል። የካባው ወርቅ ገለባ ሆኗል። ከአታሚው ጋር በስልክ ልጣላ ምንም አልቀረኝም። ኋላ ነው የገባኝ። ማሽኑ ፋይሉን እንደ ኤስአርጂቢ ነው ያነበበው። ያ አልበም በራሴ ኪስ ድጋሚ ታተመ። እኔ የወደድኩት ሰፊ ቀለም ማሽኑ የማያነበው ከሆነ ምን ይሠራልኛል?

ጥራት ይላል፣ ከ100። 90 አድርጉት። በ90 እና በ100 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን ማንም አይለይም፤ የፋይሉ መጠን ግን በጣም ይለያያል። ለቴሌግራም 80 ይበቃል።

መጠን ይላል። ለህትመት አትቀንሱ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 10 በ15 ሳንቲ ሜትር 1181 በ1772 ፒክስል ይፈልጋል፣ ኤ4 ደግሞ 2480 በ3508። የዛሬ ካሜራ ሁለቱንም ይሸፍናል። ለስልክ ብቻ ከሆነ ረጅሙን ጎን 2000 አድርጉት፤ ፍላሹም ይቀላል፣ ሰዉም ቶሎ ይከፍተዋል።

ስም ይላል። እባካችሁ ቁጥሩን አትቀይሩ። ሮው 0347 ከሆነ ጄፔጉም 0347 ይሁን። ደንበኛው በስልክ «0347ን ትልቅ አድርግልን» ሲላችሁ ጥሬውን በአንድ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ስሙን «ሰርግ 1፣ ሰርግ 2» ካላችሁት 600 ፎቶ ውስጥ መርፌ ፍለጋ ነው።

ከወጣ በኋላ ጄፔጉን እየከፈታችሁ፣ እየነካካችሁ፣ ደጋግማችሁ አታስቀምጡት። በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ይጎዳል። ማስተካከል ካማራችሁ ወደ ሮው ተመለሱና እንደገና አውጡት። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ላኩት። በተለመደው የፎቶ መንገድ ከላካችሁት ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ያወርደዋል። ደንበኛው ያንኑ ይዞ ሄዶ ያሳትመዋል፤ ከዚያ «የዚያ ፎቶ ቤት ሥራ ይደበዝዛል» ይላል።

በጧፍ ብርሃን ለተነሱት አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ማኅሌት ላይ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ዋይት ባላንሱን ስታስተካክሉ ልብሱ ነጭ እስኪሆን አትውሰዱት። እዚያ ሌሊት የቆመ ሰው ልብሱ ነጭ እንዳልነበር ያውቃል። ወርቁን ግማሹን ተዉት። ይሄንን በጅምላ የሚቀይር ፕሮግራም አያውቀውም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ጥሬው ምን ይሁን?

ከተቀየረ በኋላ ሮውን የሚያጠፋ አለ። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፤ ይገባኛል። የእኔ ደንብ ይሄ ነው። ደንበኛው አልበሙን ከወሰደ ከሁለት ወር በኋላ ያልተመረጡትን ሮዎች አጠፋለሁ፤ ጄፔጋቸው ይቀራል። አልበም የገቡትን 60 እና ሽማግሌና አሮጊት ያሉባቸውን ሁሉ አስቀምጣለሁ።

ሽማግሌ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰርግ አነሳሁ፣ ደጀን አካባቢ። ባለፈው ሐምሌ የሙሽራው አባት አረፉ። ልጁ መጣ። «የአባባን ፎቶ ለአርባ ቀን ማሳተም ፈልገን ነበር። ሌላ ፎቶ የላቸውም» አለ። ጄፔጎቹን አየን። ሰውዬው በየቦታው ከኋላ ናቸው። ዳስ ሥር የተቀመጡበት አንድ ፎቶ አለ፤ ፊት ለፊቱ ሙሽሮቹ፣ እሳቸው ጥላ ውስጥ። ጄፔጉ ላይ ፊታቸው ጥቁር ጨርቅ ነው።

ቁጥሩን አይቼ ሮውን ፈለግኩ። ነበር። ጥላውን ከፍ፣ ከፍ፣ ትንሽ ደግሞ ከፍ። መጀመሪያ የጋቢያቸው ጠርዝ ወጣ፣ ከዚያ ጭራቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው። ወደ ሙሽሮቹ እያዩ ፈገግ ብለዋል። ሙሽሮቹን ቆርጬ እሳቸውን ብቻ አስቀረሁና በ30 በ40 አወጣሁት። ትንሽ ሸካራ ነው፣ ጥላ ሲነሳ እንደዚያ ነው። ልጁ ስክሪኑን ብዙ ካየ በኋላ «ሲስቁ አላየሁም ነበር እኮ» አለ።